ያላነበበላቸው መስመር

ዳኛቸው የሰው ደብዳቤ ማንበብ ይወድ ነበር። ሰው የሚወደው አይታወቅም፤ አንዱ ኳስ ይወዳል፣ አንዱ ቁርጥ ይወዳል፣ እሱ ደግሞ ደብዳቤ። እሑድ እሑድ ለንደን ውስጥ ከሆሎዌይ ሮድ ገባ ብሎ ባለው የኪራይ አዳራሽ ውስጥ አምልኮው አልቆ ወንበር መነሣት ሲጀምር፣ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ሁሉ ፖስታቸውን ይዘው ወደሱ ይመጣሉ። ካውንስል ከሚሉት የወረዳው አስተዳደር የመጣው፣ የጋዙ፣ የሆስፒታል ቀጠሮው፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ነው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ምንም አይደለም፣ እኔ አለሁ» ይላል። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ቀና ብሎ የሚያየው የለም፤ ሰው ካርዱን ነክቶ ያልፋል። እሑድ ግን ወንድም ዳኛቸው ነው፤ አዲስ አበባ የሒሳብ አያያዝ የተማረ፣ የቤተክርስቲያኗ ገንዘብ ያዥ። ትንሽ ክብር ሰውን እንዴት እንደምታሰክር ማየት የፈለገ እሱን ይይ።

በዚያ እሑድ ከሰው ሁሉ መጨረሻ የቀሩት እትዬ ሙሉነሽ ነበሩ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቃና የባንክ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ተዉት። አሁን ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ባለ የካውንስል ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ኑሯቸው ትንሿ ጡረታቸውና እሷ ስለማትበቃ መንግሥት የሚጨምርላቸው ፔንሽን ክሬዲት የሚሉት ድጎማ ነው።

«ዳኜ፣ ይቺን እይልኝ እስቲ» አሉ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሐል ቡናማ ፖስታ እያወጡ። «ቡናማ ስለሆነች ፈርቼ አልከፈትኳትም።»

«ምን ያስፈራል! ወዲህ ይበሉ።»

ቀደደው፤ አነበበው፤ ክው አለ። ደብዳቤው ከግብር መሥሪያ ቤት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ፓውንድ ለቤተክርስቲያን ሰጥተዋል ይላል። በዚህ ስጦታ ሰበብ ቤተክርስቲያኗ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፓውንድ ከመንግሥት ወስዳለች ይላል። እርስዎ ግን ያን ያህል ግብር ስላልከፈሉ ልዩነቱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመልሱልን ይላል።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ ሙሉነሽ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እውነቱን መናገር ይችል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ከሚሰበስቡት በቀር ሰው አልነበረም፤ የሚያፍርበትም አልነበረም። እሱ ግን ደብዳቤውን አጥፎ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ምንም አይደለም እትዬ ሙሉ። የወረቀት ስህተት ነው። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ተባረክልኝ! ጌታ ልጆችህን ይባርክልህ» አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። ዳኛቸው ምርቃቱን ተቀበለ። አሜን ሁሉ ብሏል፤ ጉድ እኮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ የቤተክርስቲያኗ ሰዎች ሃክኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንፃ አይተው፣ ከኪራይ ወጥተን የራሳችን ጣሪያ ይኑረን ብለው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ዳኛቸው ደግሞ ጊፍት ኤይድ የሚባለውን ነገር አገኘ። አንድ እሑድ ከመድረኩ አጠገብ ቆሞ፣ «እናንተ አንድ ፓውንድ ስትሰጡ መንግሥት ሃያ አምስት ፔንስ ይጨምርላችኋል! ከእናንተ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ነው!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተሞላ። ፓስተር ቤንጃሚን እቅፍ አድርጎ ሳመው። ዳኛቸው በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተጨብጭቦለት አያውቅም።

ይሁን እንጂ መንግሥት ከራሱ ኪስ ምንም አይጨምርም። የሚሰጠው፣ ለጋሹ ቀድሞ ከደሞዙ የከፈለውን ግብር ነው። ግብር ያልከፈለ ሰው የሚመለስለት የለውም። ከወረቀቱ ግርጌ ይሄንኑ የምትናገር አንዲት መስመር አለች፦ የከፈልኩት ግብር በስሜ ከተወሰደው ካነሰ፣ ልዩነቱን የምከፍለው እኔ ነኝ ትላለች። ዳኛቸው ይቺን መስመር አንብቧታል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤቱ ወጥ ቤት ተቀምጦ፣ ሁለት ጊዜ አንብቧታል። እሑድ ስለ ሃያ አምስት ፔንሱ ተናገረ፤ ስለ መስመሯ አልተናገረም። ቢናገር ጡረተኛው ሁሉ ያፈገፍጋል፣ ጭብጨባውም ይበርዳል ብሎ ነው። ማንም አላስገደደውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

እትዬ ሙሉነሽ ያን ቀን ብዕሩን ይዘው ጠይቀውት ነበር። «ዕዳ የለውም አይደል ልጄ?»

«ምን ዕዳ አለው፣ በረከት ነው እንጂ። ይፈርሙት ብቻ።»

ፈረሙ።

ሌላም ጣጣ ነበረበት። እሑድ ሥራ የሚገቡ ሴቶች አሉ፤ አዛውንት የሚጦሩ፣ ሆቴል የሚያነጥፉ። አሥራታቸውን ቅዳሜ እትዬ ሙሉነሽ ቤት ጎራ ብለው ያስቀምጣሉ። አሥራ አንድ ናቸው። ስማችን ይጻፍ አይሉም፤ ቀኝ እጃችን የሰጠውን ግራ እጃችን አይወቅ ነው የሚሉት። እትዬ ሙሉነሽም የሁሉንም ከራሳቸው ትንሽ ብር ጋር አንድ ላይ አድርገው በራሳቸው የአሥራት ፖስታ ያስገባሉ። ማን ስንት እንደሰጠ ቢገድሏቸው አይናገሩም። ዳኛቸው ይሄን ያውቃል። የፖስታውን ውፍረት በእጁ ይመዝናል፤ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ሙሉውን በእሳቸው ስም ይጽፋል። ጊፍት ኤይዱንም በሙሉው ይጠይቅበታል። አንዲት ጡረተኛ ጽዳት ሠራተኛ በሁለት ዓመት ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ ሰጠች ብሎ ጽፎ ላከ! ዓይኑ እያየ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይኸው ተፈታ።

ያን ሳምንት ምግብ አልበላ አለው። ሚስቱ እድላዊት ሁለት ቀን ዝም ብላ አይታው በሦስተኛው፣ «ምን ሆነሃል?» አለችው። ነገራት። ከሳህኗ ቀና ብላ አየችው።

«ከፍለህ ገላግላቸዋ! ሰው ጉድ አድርገህ ዝም ትላለህ?»

እሱም ያሰበው ይሄንኑ ነበር። ለመኪና ያጠራቀሟት ሦስት ሺህ ፓውንድ አለች፤ በስውር በእሳቸው ስም ይከፍልና ነገሩ ይቀበራል፤ ማንም አያውቅም፤ እሳቸውም አይደነግጡም። ደግ ሥራ እንኳ መሰለው። ሰው ጥፋቱን ለመሸፈን ሲሮጥ ራሱን እንደ ሩኅሩኅ ማየቱ አይቀርም። ግን አከፋፈሉን ስላላወቀ ሰው ሊጠይቅ ሄደ።

የሄደው ሚኪኤል ዘንድ ነው። ሚኪኤል አሥመራ በአማርኛ የተማረ ሽማግሌ ኤርትራዊ ነው፤ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ከስልክ ጥገና ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የባለታክሲና የባለሱቅ ሒሳብ ይሠራል። ንግግሩ ሁሉ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው። ደብዳቤውን አነበበና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«መክፈል ትችላለህ» አለው። «ስትከፍል ግን ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ? ‹አዎን፣ ገንዘቡ የኔ ነበር› እያልክ ነው፤ በእሷ ስም። በድጎማ የምትኖር ሴት ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ ከየት አመጣች ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ቢሮ ደግሞ አለ። ያን ጊዜ የምትበላውንም ልታስቆምባት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል አቶ ሚኪኤል?»

«ገንዘቡ የእሷ ነበር?»

«የአሥራ ሁለት ሰው ነበር።»

«እንግዲያ ያልሰጠችውን ሰጠች ተብሎ ነው የተጻፈው። ወረቀቱ ከመነሻው አይሠራም። ቤተክርስቲያናችሁ የወሰደችውን ትመልሳለች፤ ሴትዮዋ ከዕዳው ትወጣለች። ግን ይሄን የሚያውቅ ሰው ጽፎ መፈረም አለበት። ማነው የሚያውቀው?»

ዳኛቸው መሬት መሬት ያያል።

«አንድ ፋይል ሲከፈት ደግሞ የቀሩትም ይከፈታሉ» አለ ሚኪኤል። «ስንት ሰው ፈርሟል?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ግብር የማይከፍለውስ?»

«ግማሹ።»

ሚኪኤል መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ለራስህም የምነግርህ አለ። ሳላስተውል አጠፋሁ የሚል ሰውና እያወቅኩ አጠፋሁ የሚል ሰው ሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ያላስተዋለው ቅጣቱ ይቀልለታል። አውቆ ያጠፋው ይከብድበታል፤ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ዳግመኛ መያዝም ላይፈቀድለት ይችላል። ዋሽ ብዬ አልመክርህም። አንብበኸው ነበር ወይ ብዬም አልጠይቅህም፤ እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ዳኛቸው አመስግኖ ወጣ። ወጥቶስ ምን አደረገ? ምንም! ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንም አላደረገም። ነገ እጽፋለሁ ይላል፤ ነገ ደግሞ ፈረቃ አለበት። እሑድ እትዬ ሙሉነሽን ሲያይ ከመድረኩ ኋላ የማይክሮፎን ገመድ የሚጠቀልል መስሎ ይደበቃል። እሳቸውም ስለ ደብዳቤው ዳግመኛ አላነሡበትም። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም ይሆናል፣ ረስተውት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ዝምታቸውን ለሰላም ቆጠረው፤ ሞኝ!

ሰኔ ገባ። ዳኛቸው የማለዳ ፈረቃ ደርሶት በካሌዶኒያን ሮድ አድርጎ ወደ ኪንግስ ክሮስ የሚወርደውን አውቶቡስ ይዞ ወጣ። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሳፈረው የለንደን ሰው ሌላ ነው፤ ቢሮ የሚያጸዳው፣ ሆስፒታል ቁርስ የሚያድለው፣ መስኮት ተደግፎ የሚያንቀላፋው። አንድ ፌርማታ ላይ ቆሞ በር ከፈተ። ሦስት አራት ሰው ገባ። ከዚያ የካርድ ማሽኑ ያለወትሮው ጮኸና ቀይ በራ። ቀና ሲል እትዬ ሙሉነሽ ናቸው፤ ከሹራባቸው ሥር ሰማያዊ የሥራ ሽርጥ ለብሰዋል።

«እትዬ ሙሉ! ወዴት ነው በማለዳ?»

እሳቸውም ደነገጡ። የያዙትን ፌስታል ወደ ኋላቸው ደበቁ። «ሥራ ነዋ።»

«የምን ሥራ?»

«የምን ይሆናል፣ ጽዳት። ሌላ ምን አውቃለሁ?» ብለው ሳቁ። በአንድ እጃቸው ብረቱን፣ በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘዋል።

የአዛውንቶች ነጻ ካርድ ማለዳ ላይ አይሠራም፤ ይሄን ሹፌር ሁሉ ያውቃል። «ግድ የለም፣ ይለፉ ይለፉ» አላቸው።

«አይሆንም» አሉ። ቦርሳቸውን ከፍተው፣ ፈልገው ፈልገው የባንክ ካርዳቸውን አወጡ። «ያለብኝ ዕዳ ይበቃኛል ልጄ። አንተን ደግሞ ከሥራህ ጋር አላጣላህም።» ከፈሉና እያነከሱ ገብተው ተቀመጡ።

ያለብኝ ዕዳ። ዳኛቸው መሪውን ይዞ ደርቆ ቀረ። ከኋላው መኪና ጡሩምባ እስኪነፋበት ድረስ በሩን መዝጋትም ረሳ። በመስታወቱ ሲያያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ነው። ማን ያውቃል፣ ለእሱም ይሆናል የሚጸልዩት። ኪንግስ ክሮስ ሲደርሱ በመሐለኛው በር ወረዱና እጃቸውን አውለበለቡለት። በዚያ ቀን ዳኛቸው ሁለት ፌርማታ ዘሎ አለፈ፤ ተሳፋሪ ጮኸበት። ቢሰድቡትም ደስታው ነበር።

ፈረቃው እንዳለቀ ከነዩኒፎርሙ ፓስተር ቤንጃሚን ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ዘረገፈው። ፓስተሩ ከእሱ በዕድሜ ያንሳል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን የሃክኒው ሕንፃ ሕልሙ ነበር። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ አማከረ። የተወሰደው ገንዘብ በሙሉ ይመለስ፣ ሕንፃው ይቅር አሉ። እንዲህ ብለው መወሰናቸው ያስመሰግናቸዋል። ከስብሰባው በኋላ ግን ፓስተሩ ዳኛቸውን ለብቻው ወደ ጥግ ወሰደው።

«ደብዳቤውን ስትጽፍ፣ መስመሩን ሳላነበው ቀረሁ በል። ማን የወረቀት ግርጌ ያነባል? አውቅ ነበር ካልክ ላንተም አይበጅ፣ ለቤተክርስቲያን ስምም አይበጅ። ለእትዬ ሙሉነሽ እንደሆነ ለውጥ የለውም፤ በዚህም በዚያም ነጻ ይወጣሉ።»

ይሄ እውነት ነበር፤ ለእሳቸው ለውጥ የለውም። ዳኛቸው ይቺን ቃል እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣት። ማታውኑ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጻፈ። ገንዘቡ የአሥራ ሁለት ሰው እንደነበር ጻፈ፤ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለፈለጉ በአንድ ስም መመዝገቡን ጻፈ፤ ወይዘሮ ሙሉነሽ እንግሊዝኛ እንደማያነቡና ማንም እንዳላስረዳቸው ጻፈ። መጨረሻ ላይ፣ «ማስጠንቀቂያውን እኔም በጊዜው አላነበብኩትም ነበር» ብሎ ጨመረ። እድላዊት ከኋላው ቆማ አነበበችው፤ ጨርሳም ወደ መኝታዋ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት የጻፈውን ደብዳቤ አትሞ ይዞ የእትዬ ሙሉነሽን ደረጃ ወጣ። በር የከፈቱለት በባዶ እግራቸው ነው፤ ሶፋው ፊት ጨው የተጨመረበት የሞቀ ውሃ በሳፋ አለ። እግራቸው አብጧል። ተመልሰው ተቀመጡና እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ።

«ስለ ደብዳቤው ነው የመጣኸው መሰለኝ» አሉ እሱ አፉን ሳይከፍት። «ሁለተኛው ሲመጣ ላንተ ላሳይ ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ጎረቤቴ ኣብሪሃት አነበበችልኝ፤ ሆስፒታል ስትሠራ የኖረች አይደለች፣ ማንበብ አያቅታትም። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፓውንድ! ወይ ጉዴ አልኩ። በኋላ ሳስበው ገባኝ። አንተ የደበቅከኝ እንዳልደነግጥ ብለህ ነው፣ ብቻህን ልትከፍልልኝ ነው አልኩ። የልጆች አባት ሆነህ! እንዴት ዝም ብዬ ላስከፍልህ? ስለዚህ ሥራ ጀመርኩ፤ እስከ ገና ድረስ እጨርሰዋለሁ።»

ዳኛቸው ደብዳቤውን አውጥቶ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብላቸው ጀመር። ገንዘቡ የእሳቸው ብቻ እንዳልነበር የሚለው ጋ ሲደርስ፣ «የሴቶቹን ስም አልጻፍክም አይደል?» አሉ። አልጻፍኩም አላቸው። ዕዳው ከእሳቸው ላይ እንደሚነሣ፣ ድጎማቸውም እንደማይነካ፣ ሰኞ ሥራ መግባት እንደማያስፈልጋቸው ነገራቸው። እትዬ ሙሉነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። እንባቸው ወረደ።

ከዚያ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አነበበላቸው። «ማስጠንቀቂያውን እኔም በጊዜው አላነበብኩትም ነበር።»

እትዬ ሙሉነሽ እጃቸውን አወረዱ። ነጠላቸውን ስበው ዓይናቸውን ጠረጉና አዩት።

«ዳኜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። «ኣብሪሃት ያነበበችልኝ ዕለት ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ‹ይሄ ልጅ እያወቀ ይሆን እንዴ ያስፈረመኝ?› አልኩ። ላንድ አፍታ ነው፤ ግን አስቤዋለሁ። አፍሬ ጌታ ፊት ተንበርክኬ ንስሐ ገባሁ። እስካሁን ግን ካንተ ይቅርታ አልጠየቅኩም ነበር። ጠርጥሬሃለሁ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

ይቅር በለኝ አሉት። እሳቸው እሱን! ያበጠ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ እንደከተቱ።

ዳኛቸው ይቅር ብዬዎታለሁ ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። ሦስት ቃል እንኳ አትሞላም። ፓስተሩ ደስ ይለው ነበር፣ ቅጣቱም ይቀል ነበር፣ እትዬ ሙሉነሽም ደስ ብሏቸው ያድሩ ነበር። ከንፈሩን ለማንቀሳቀስ ሞከረ። አልሆነለትም። ስንት ነገር የዋጠ ሆድ ይቺን መዋጥ አቃተው።

«እትዬ ሙሉ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «አንብቤው ነበር።»

«ምኑን?»

«መስመሩን። ከማስፈረሜ በፊት። ዕዳ የለውም አይደል ብለው ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። ደብዳቤውን ያመጡልኝ ቀንም አውቄ ነው የደበቅኩት። እንዳይደነግጡ ብዬ አይደለም። አፍሬ ነው።»

እትዬ ሙሉነሽ እግራቸውን አንድ በአንድ ከውሃው አውጥተው ፎጣው ላይ አሳረፉ። ከታች መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሲነሣ ይሰማል። ዳኛቸው ቢጮሁበት፣ ቢረግሙት፣ ውጣ ቢሉት ምን ነበረበት ብሎ ተመኘ። እሳቸው ግን መጮህ አያውቁም።

«ባታነበው ይሻለኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ እንደሱ ብለህ ጻፈዋ። እኔን በውሸት ነጻ አታውጣኝ።»

ኪሱን ዳበሰና ብዕር አወጣ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰረዛት፤ በእጁ ጽሕፈት ከሥሯ፣ አንብቤው ነበር፣ ሆን ብዬ አልነገርኳቸውም ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ፈረመ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለፈረመ ፊርማው ተበላሸ፤ ግን የራሱ ፊርማ ነው። ምን እንደሚመጣበት ያውቃል፤ ሚኪኤል ነግሮታል። ገንዘብ ያዥነቱ ቀርቷል። ቅጣቱም ይከብዳል፣ ለመኪናዋ የተጠራቀመችውም እዚያው ትገባለች። ይሄ ሁሉ በዚያች ሰዓት አልከበደውም።

ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሣ፣ ተነሣ» አሉት። «ይቅር እላለሁ። ስንት ይቅር የተባልኩ ሰው አይደለሁም እንዴ? እላለሁ። ግን ዛሬ ብዬሃለሁ ብልህ ከአንገት በላይ ይሆናል። ጊዜ ስጠኝ።»

ተነሣ። ሳፋውን ወስዶ ሊደፋላቸው ሲያጎነብስ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት። ኮቱን ለበሰ። በሩ አጠገብ፣ ጫማ ማስቀመጫው ላይ፣ ያልተከፈተ ፖስታ አየ፤ የካውንስል ማኅተም ያለበት። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ፖስታው ሄደ፤ በሌላ እጁ መነጽሩን ይፈልጋል።

«ይቺንስ ላንብብልዎት እትዬ ሙሉ?»

«ተዋት» አሉ፣ ከሶፋቸው ሳይነሡ፣ በለዘበ ድምፅ። «ኣብሪሃት ታነብልኛለች።»